ሠርጉ ላይ ያልተጠሩት



እዚህ ሐዋሳ፣ በመምህራን፣ በንባብ ክበብ አባላትና በተማሪዎች ፊት እንድናገር አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ስለ ልብ ወለድና ስለ ትዝታ የፈለግከውን ተናገር» አሉኝ። እንዲህ ያለው ግብዣ ደስ ቢልም አደገኛ ነው፤ ተናጋሪ ገደብ ካልተበጀለት ሰዓት አያውቅም። ስለዚህ ገደቡን ራሴ አበጀሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መጽሐፍ መጨረሻ ነው። መጽሐፉ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ አብዛኞቻችን በኋላ በተሰጠው ስም «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው። ጉዳዩ ባርነት ነው፤ ባርነትን ማስታወስና ከባርነት ቁስል መዳን። ጥያቄዬም አንድ ነው። ደጋግሜ ስለምጠይቃችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ በመጨረሻው ሠርግ ላይ ማን የለም?

በመጀመሪያ መጽሐፉንና ተማሪዎች የተከራከሩበትን መንገድ አነሣለሁ። ቀጥዬ ከመጽሐፉ ወጥቼ የአገራችን ባርነት በአዋጅና በሕይወት እንዴት «እንዳለቀ» እናገራለሁ። ከዚያ ወደ እናንተ ወደ መምህራኑ እመለሳለሁ፤ በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ወደ መጀመሪያው ልግባ። «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ታተመ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚቆጠረው እሱ ነው። ደራሲው የጣና ዳሩ የዘጌ ልጅ፣ ሠዓሊ፣ ኢጣልያ የተማረና እዚያም አማርኛ ያስተማረ ሰው ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ጊዜ ስናስተምር እንዘለዋለን። የአማርኛ ልብ ወለድ ሲወለድ የመጀመሪያ ጉዳዩ ምርኮና ባርነት ነበር። ፍቅሩ በኋላ ነው የመጣው።

ላላነበባችሁ ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የአንድ ክርስቲያን ንጉሥ ሠራዊት በአረመኔ ንጉሥ ጦር ድል ይመታል። ከሹማምንቱ አንዱ፣ ደጃዝማቹ፣ ተማርኮ ወደ ባርነት ይወርዳል። ትናንት ሲያዝ የነበረ ሰው ዛሬ የሚታዘዝ ይሆናል። አንድ ቸር ነጋዴ በዋለው ውለታ ነጻ ይወጣል። ልጁ ዋህድ ግን ውለታው ዕረፍት ነሥቶት ባለውለታውን ፍለጋ ይወጣና በተራው በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንትያ እህቱ ጦቢያ ወንድ መስላ፣ ከአባቷ ጋር ሆና፣ እሱን ፍለጋ ትወጣለች። ከብዙ ስቃይ በኋላ አረመኔው ንጉሥ ዘንድ ይደርሳሉ። ንጉሡ ሴትነቷን ሲያውቅ በፍቅሯ ይያዛል፤ ለእሷ ሲል ክርስትና ይነሣል፤ ሕዝቡም ይከተለዋል። ዋህድ ይገኛል። ንጉሡ ጦቢያን፣ ዋህድ የንጉሡን ዘመድ ያገባሉ። እልል በሉ፤ አለቀ።

እዚሁ ከተማ ውስጥ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል የመጨረሻዎቹን ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርጌ አከፋፍዬ ነበር። አማርኛው የመቶ ዓመት አማርኛ ነው። ንባብ የለመደ ሰው እንኳ ዐረፍተ ነገሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ካላነበበ አይዘልቀውም፤ ልጆቹም በየመስመሩ እየቆሙ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ሲሉ ግማሹ ክፍለ ጊዜ አለቀ። ከዚያ «መጨረሻውን እንዴት አያችሁት?» አልኳቸው።

አንድ ልጅ እጁን ሳያወጣ «የሕንድ ፊልም ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ የጠፋው ይገኛል፣ ጠላት ዘመድ ይሆናል፣ ሁለት ሠርግ በአንድ ዳስ። «ታዲያ ምን አለበት?» አለች ሌላዋ፤ «ያን ሁሉ መከራ አይተው ቢደሰቱ ምን ይሆናል?» ብዙዎቹ ደገፏት። ውይይቱ እዚያው ያለቀ መሰለኝ።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድ ቃል ያልተናገረች ልጅ ግን ወረቀቱን እያገላበጠች «ቲቸር፣ ዋህድ ሲሸጥ ብቻውን ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «ማለት?» አልኳት። «ባሪያ ፈንጋዮቹ አንድ ልጅ ብቻ ይዘው አይሄዱም። ሌሎቹስ? ሠርጉ ላይ አልተጠሩም?»

ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ የሕንድ ፊልሙ ልጅ መለሰላት፦ «ደራሲው የጻፈው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ዓለምን ሁሉ ሊያድን አይችልም።» እሷም «አድናቸው አላልኩም፤ ጥቀሳቸው ነው ያልኩት» አለችው።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥነ ጽሑፍ ሃያሲ ነኝ የሚል ሰው መጽሐፍ ሙሉ ጽፎ የማይደርስበት ቦታ ልጅቷ በአንድ ዐረፍተ ነገር ደረሰች። ዋህድ ከእነማን ጋር ተነዳ? ደጃዝማቹ ነጻ ሲወጣ አጠገቡ ማን ቀረ? ከእነዚያ ሰዎች መካከል ስሙን ይዞ እስከ ሠርጉ የደረሰ የለም። የመጽሐፉ ፈውስ ለአንድ ቤት ብቻ የመጣ ፈውስ ነው።

ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ መጽሐፉ በባርነት አያዝንም። የሚያዝነው ጨዋ ሰው ባሪያ በመሆኑ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በ1900 ዓ.ም. መጽሐፉን ገዝቶ ያነበበው ሰው ቤቱ ባሪያ ሊኖረው ይችላል፤ ቡናውን የምታቀርብለት እሷ ልትሆን ትችላለች። ፍትሐ ነገሥቱም ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ተናግሮ በጦርነት የተማረከውን ግን ባሪያ ያደርገዋል። አፄ ቴዎድሮስም አፄ ምኒልክም የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ንግዱ ግን አላቆመም። ያ አንባቢ ደጃዝማቹ ሲሸጥ እንባው ይመጣል፤ ቡና አቅራቢዋን ግን ቀና ብሎ አያያትም። ስለዚህ ደጃዝማቹ ወደ ማዕረጉ ሲመለስ ታሪኩ ለእሱ ተፈውሷል። የተበላሸው ነገር የአንድ ሰው ቦታ ነበር፤ ቦታው ተስተካከለ።

በአፈወርቅ ላይ የምፈርድ አይምሰላችሁ። ከፊቱ የአማርኛ ልብ ወለድ አልነበረም፤ መንገዱን ራሱ ነው የጠረገው። የጦርነት መጨረሻ ጋብቻ መሆኑም በዘመኑ ተረት አልነበረም፤ መኳንንቱ ሲታረቁ ልጅ ይሰጣጡ ነበር። ይልቅ የደራሲው የራሱ መጨረሻ ይገርመኛል። ይህን የምርኮና የነጻነት ታሪክ የጻፈ ሰው በወረራው ዘመን ከኢጣልያኖች ጋር ወግኖ «አፈ ቄሣር» ተብሎ ተሾመ፤ ከነጻነት በኋላ በግዞት ጅማ ተቀምጦ እዚያው ሞተ። እሱ ያደረለት ኃይል ደግሞ አገራችንን ሲወርር ከያዛቸው ሰበቦች አንዱ «ባርነትን ላጠፋ ነው» የሚለው ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከክፍሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ ልጅ፣ ሒሳብ የሚወድ ነው ብለውኛል፣ ስለ ውለታው ጠየቀ። «ዋህድ ለምን ነው ነጋዴውን ፍለጋ የሄደው? ነጻ የወጣ ሰው ዕዳ አለበት እንዴ? ዕዳ ያለበት የሸጠው አይደለም?» ተመልከቱ እንግዲህ። በመጽሐፉ ውስጥ ውለታ ተቆጥሮ ይፈለጋል፤ ዋህድ ለእሱ ሲል ነጻነቱን አጣ። የሸጡት ሰዎች ግን ምንም ዕዳ የለባቸውም። ንጉሡም ሲጠመቅ የቀድሞው ሁሉ ታጠበለት። ሁለተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው አጠገብ አስቀምጡልኝ፤ ሠርጉ ላይ ማን የለም? ዕዳውስ የማን ነው?

አሁን ከመጽሐፉ ልውጣ።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ስትገባ ከተነሡባት ጉዳዮች ትልቁ ባርነት ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ ወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ተጠናከረ። ከዚያ ወረራው መጣ። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ኢጣልያ ለማኅበሩ ያቀረበችው የክስ ሰነድ ባርነትን ዋና ነገር አድርጎ ይዟል። የኢጣልያው ጄኔራል ዴ ቦኖም ትግራይ እንደገባ ባርነትን ሻርኩ ብሎ አዋጅ አስነገረ። ነጻነት ሲመለስ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ባርነትን በሕግ ፈጽመው የሚሽር አዋጅ አወጡ።

በሕግ በኩል ታሪኩ እዚያ አለቀ። የመማሪያ መጽሐፎቻችንም የሚያልፉት እንዲሁ ነው፤ ንግድ ነበረ፣ አዋጅ ወጣ፣ ቀረ። ይህ አዋጅ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ግን እንደ ጦቢያ ሠርግ ነው ያነበብነው። በማግስቱ ነጻ የወጣው ሰው የት አደረ? መሬት ነበረው? የአባቱን ስም ያውቅ ነበር? ወደ ትውልድ አገሩ የሚመለስበት ስንቅ ነበረው? ብዙዎቹ በዚያው ቤት ቀሩ፤ የሚጠሩበት ስያሜ ብቻ ተለወጠ። ልጆቻቸውም «ውላጅ» ተባሉ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ዝም አልነው። ለምን ዝም እንዳልን ሳስብ የወረራው ጊዜ ትልቅ ድርሻ አለው እላለሁ። ጠላት ያነሣብህን ጉዳይ ራስህ ማንሣት ከጠላት ጋር መተባበር ይመስላል። ለአንድ ትውልድ ሙሉ ስለ ባርነት የጻፈ ሰው የሙሶሊኒን ክስ የሚደግም ተደርጎ ይታይ ነበር። ሌላው ምክንያት ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ጋብቻ ሲመጣ ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ልጅ ማግባት የሚፈልግ ቤተሰብ የአያትን መሸጥ ምን ብሎ ይተርካል? ተሸጠው የነበሩት ሰዎች ልጆች ስለ ኀፍረት ዝም አሉ፤ የሸጡትና የገዙት ሰዎች ልጆችም ስለ ኀፍረት ዝም አሉ። ሁለቱ ዝምታዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም።

ሐዋሳ ላይ ሆነን ስናወራው ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። አንድ ክፍል ግቡ፤ ሲዳማ፣ ወላይታ፣ ከምባታ፣ ሀዲያ፣ ጋሞ፣ ጉራጌ፣ ኦሮሞ፣ አማራ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። እኔ «እኛ» ስል እያንዳንዱ ልጅ የሚሰማው ሌላ «እኛ» ነው። ገጾቹን ባከፋፈልኩበት ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ስለ ወላይታው ንጉሥ ስለ ካዎ ጦና አነሣ። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወላይታን ሲወጋ ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ አብሮ ዘምቶ ነበርና ያየውን ጽፎታል። ካዎ ጦና ቆስሎ ተማረከ፤ በጣም ብዙ ሰውም ተነድቶ ሄደ። ተማሪው እንዲህ አለ፦ «አያቴ ስለ ካዎ ጦና ብዙ ይነግሩናል። የተነዱት ሰዎች የት እንደደረሱ ግን ነግረውን አያውቁም። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም።» ወላይታ ንጉሡን ያስታውሳል፤ አዲስ አበባም ንጉሠ ነገሥቱን ያስታውሳል። ሰዎቹን ማን ያስታውስ?

ባርነት በአዋጅ እንዳላለቀ ከሩቅ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልገንም። በአርባ ምንጭ አካባቢ ባለው የጋሞ ደጋ፣ ጋንታ በሚባለው ቦታ፣ ቦሻ ቦምቤ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ያደረገው ጥናት አለ። የባሪያ ዘር ናቸው የሚባሉ ሰዎች በሕግ ነጻ ከሆኑ ብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላም በማኅበረሰቡ ዓይን ነጻ አልወጡም ነበር። ነጻ ለመባል «ወዞ» የሚባል የማንጻት ሥርዓት መፈጸም አለባቸው፤ ሥርዓቱ ወጪ አለው፤ ወጪውም የሚወድቀው በእነሱ ላይ ነው። ከተፈጸመ በኋላ ከሌላው ሰው ጋር እኩል ይቆጠራሉ።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ሐሳብ ይጋጭብኛል። በአንድ በኩል ማኅበረሰቡ የአዲስ አበባው ወረቀት ያልነካውን ቁስል አውቆታል። ሰውን ወደ ሰው መሐል መመለስ በአደባባይ፣ በሥርዓት፣ በምስክር ፊት መሆን እንዳለበት ገብቶታል። በሌላ በኩል ያንን የሒሳብ ልጅ አስታውሱት። እዚህም የሚከፍለው የተሸጠው ሰው ልጅ ነው። የተበደለው ይነጻል፤ የበደለው መጀመሪያውኑ ንጹሕ ነበር ማለት ነው። የዋህድ ውለታ እንደገና።

አሁን ደግሞ በሠርግ ያላለቁ ሁለት ሕይወቶችን ልጥቀስላችሁ። እነዚህ ልብ ወለድ አይደሉም።

የመጀመሪያዋ አስቴር ጋኖ ናት። በልጅነቷ ተይዛ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 በባሕር ላይ በኢጣልያ መርከብ ነጻ ወጣች፤ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ኦኔሲሞስ ነሲብን አገኘች። እሱም ሒካ የተባለ የኢሉባቦር ልጅ ነበር፤ ተሸጦ፣ ተሸጦ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ። አስቴር ከልጅነቷ የምታስታውሰውን እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ቁጭ ብላ ጻፈችው፤ አምስት መቶ ያህል ነው። ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ኦኔሲሞስ ሲተረጉም እሷ የጎን አጋዡ ነበረች። ኋላም ወደ ወለጋ ተመልሳ አስተማረች።

እስቲ ይህን አስቡት። ሰውን ባሪያ የሚያደርጉት መጀመሪያ ቤተሰቡን፣ ቀጥሎ አገሩን፣ ቀጥሎ ስሙን፣ በመጨረሻም ቋንቋውን በመንጠቅ ነው። ይህች ልጅ ከቤተሰቧ ተነጥላ፣ ከአገሯ ርቃ፣ በልጅነቷ የሰማችውን እንቆቅልሽ አስታወሰች። የእሷን ስም የማያውቅ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ መመረቁ ያሳዝነኛል፤ ከጥፋቱ ደግሞ እኛም አስተማሪዎቹ ድርሻ አለን።

ሁለተኛዋ ቢሾ ጃርሳ ናት። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ የኦሮሞ ልጆች የጫኑ ጀልባዎች ያዘ። ልጆቹ ወደ ኤደን ተወሰዱ፤ ከእነሱም ስልሳ አራቱ እ.ኤ.አ. በ1890 ደቡብ አፍሪካ ላቭዴል ወደሚባል ትምህርት ቤት ተላኩ። እዚያም እያንዳንዱ ልጅ እየተጠየቀ ታሪኩ ተጻፈ፤ ማን እንደያዘው፣ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ፣ በየት መንገድ ወደ ባሕር እንደደረሰ። ከእነዚያ ልጆች አንዷ ቢሾ ናት። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ከማንዴላ ጋር በሮቢን ደሴት የታሰረው የነጻነት ታጋይና የቋንቋ ምሁር ነው። ልብ በሉ፤ የእነዚህ ልጆች ታሪክ የተረፈው አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ስለጠየቃቸው ነው። የጥያቄው ዝርዝር ተራ ነው። እዚህ አገር ቤት ለቀሩት ግን ያንን ተራ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ክፍላችን ልመለስ። ከዚያ በፊት ከባሕር ማዶ አንድ መጽሐፍ ብቻ።

አሜሪካዊቷ ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1987 «ቢላቭድ» የተሰኘ ልብ ወለድ አሳተመች። መነሻው እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ማርጋሬት ጋርነር የምትባል ሴት ከኬንታኪ አምልጣ ወንዙን ተሻግራ ሲንሲናቲ ገባች፤ አሳዳጆቿ ቤቱን ሲከብቡ ልጇ ወደ ባርነት ከምትመለስ ብላ በገዛ እጇ ገደለቻት። በልብ ወለዱ የሞተችው ልጅ ትመለሳለች፤ ቤት ውስጥ ትቀመጣለች፤ እናቲቱን ልታጠፋት ትደርሳለች። በመጨረሻ ለዓመታት ቤቱን ሸሽተው የኖሩት የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው መጥተው በደጁ ይጸልያሉ፤ ድምፅ ያሰማሉ፤ መንፈሷም ትሄዳለች። እናቲቱ ግን አልጋ ላይ ወድቃ ነው የምናገኛት፤ የሚወዳት ሰው መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ደራሲዋ ጥቂት ገጾች ጨምራ ሰዎቹ ልጅቷን እንዴት እንደረሷት ትነግረናለች። ሠርግ የለም። አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ድናለች ወይስ አልዳነችም ብሎ ይከራከራል። እናም ጎረቤት ከሌለ ማንም እንደማይድን፣ ጎረቤትም ቢመጣ ሁሉ ነገር እንደማይድን ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። ለእኔ ከሁለቱ መጨረሻዎች ሐቀኛው ይህኛው ነው። ይህን ስል ግን «ጦቢያ»ን ከክፍል እናውጣ ማለቴ አይደለም። የማያረካ መጨረሻ ያለው መጽሐፍ ለውይይት ከሚያረካው ይሻላል።

እንግዲህ መምህራን፣ ምን እናድርግ?

በቅድሚያ ማድረግ የሌለብንን ልናገር። «ከእናንተ መካከል የባሪያ ዘር ያለው ማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ በየዋህነት የሚጠይቅ መምህር አለ። «የማን አያት ፈነገለ?» ተብሎም አይጠየቅም። ክፍል ጠበል አይደለም፤ ልጅን አጋልጠን፣ አስጩኸን፣ ተፈውሷል ብለን ወደ ቤቱ አንልከውም። ደወሉ ሲደወል ልጁ እረፍት ላይ ከእነዚያው ጓደኞቹ ጋር ነው የሚወጣው፤ ማምሻውን ባጃጅ ውስጥ አብረውት ይገባሉ። ስለዚህ ጥያቄው ከጽሑፉ ይጀምር። ሠርጉ ላይ ማን የለም? ዕዳውስ የማን ነው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ማንንም በስም አይጠሩም፤ ልጁ ግን ከራሱ ቤት ጋር የሚያገናኘውን ክር ራሱ ያገኛል። ማግኘቱን መናገር ከፈለገ ይናገራል፤ ካልፈለገ መብቱ ነው።

ክር ማግኘት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳያችሁ። በዚያው ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ስለ ጓደኛዋ ተናገረች፤ ጓደኛዋ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት እየሠራች ማታ ማታ ትማራለች። አሠሪዋ «ስምሽ ይከብደኛል» ብላ ገና በመጀመሪያው ቀን ሌላ ስም አወጣችላት። ሰፈሩ የሚያውቃት በዚያ ስም ነው። ቤተሰቦቿ ሲደውሉ ብቻ በስሟ ትጠራለች። ልጅቷ ይህን ስትናገር ስለ ባርነት የምትናገር አልመሰላትም ነበር፤ የጀመረችው «ዋህድ ሲሸጥ ስሙን ለወጡበት?» ከሚል ጥያቄ ነው። እኔ ምንም አልጨመርኩም። የክፍሉ ልጆች ግን ቤታቸው ያለችውን ሠራተኛ ትክክለኛ ስም እርስ በርስ መጠያየቅ ጀመሩ፤ የማያውቁት ጥቂት አልነበሩም።

ቀጥሎ፣ ለመጨረሻው ፍርድ አትቸኩሉ። እኛ መምህራን ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው «ስለዚህ ከዚህ የምንማረው…» ማለት ልማድ ሆኖብናል። በዚህች ምድር ያሉ የሲዳማ አባቶች ግን አፊኒ በሚባለው ጉባኤ ላይ ሲቀመጡ ነገሩ በጉባኤው ፊት ተነግሮ፣ ሰዎች መስማታቸው ተጠይቆ ነው ወደ ዕርቅ የሚኬደው። ያልተሰማ ነገር ላይ ዕርቅ አይቆምም። አሁን በአገር ደረጃም ስለ ምክክርና ስለ ሽግግር ፍትሕ ብዙ እየተባለ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ባርነት የሚለው ጉዳይ ሲነሣ የሰማሁት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። ትልልቆቹ እስኪያነሡት ልጆቹ ከአንድ አሮጌ ልብ ወለድ ተነሥተው ቢለማመዱት ምን ይጎዳል?

ከመምህራን አንዱ እዚህ ከመግባቴ በፊት በር ላይ «ይሄ ሁሉ ለብሔራዊ ፈተና አይመጣም» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ አይመጣም። ለፈተና የሚመጣው መጽሐፉ የታተመበት ዓመትና የደራሲው ስም ነው፤ እሱን አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። የቀረውን ጊዜ ለሠርጉ ስጡት። እኔ ለልጆቹ የሰጠሁት የቤት ሥራ ይህ ነበር፦ የጦቢያን ሠርግ በዳሱ ውስጥ ካሉ ግን መጽሐፉ ከማያያቸው ሰዎች በአንዱ ዓይን እንደገና ጻፉ። በሲዳማ አፎም፣ በወላይትኛም፣ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ ብዬ ነበር፤ የማላውቀውን ቋንቋ የሚያውቅ ባልደረባ አንብቦልኛል። አንዱ እንጨት ፈላጭ መረጠ። ሁለት ልጆች የንጉሡን የቀድሞ ምርኮኞች መረጡ። ያቺ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ልጅ ወጥ ቤቷን መረጠች፤ ሴትዮዋ ለሠርጉ ሽንኩርት እየከተፈች ዋህድን ታየዋለች፤ አንድ ገመድ ላይ ታስረው ስለተነዱ ታውቀዋለች፤ እሱ ግን አያውቃትም። ትንገረው ወይስ ዝም ትበል? ልጅቷ አልወሰነችም፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተጨቃጨቀ፤ እስከ ዛሬም አልተስማሙም። እኔ በበኩሌ ትንገረው ባይ ነኝ፤ ባልደረባዬ ደግሞ በሠርጉ ቀን አይሆንም ይላል።

የመጨረሻዎቹ ገጾች ኮፒ ከልጆቹ ጽሑፎች ጋር በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ስማቸውን ሰርዤዋለሁ፤ ጽሑፎቹንም የሰጡኝ ፈቅደው ነው። መምህራን ወስዳችሁ አባዙት። አሁን መድረኩን ለጥያቄ ልልቀቅ፤ አፈወርቅን በድለኸዋል የምትሉ ካላችሁ በቅድሚያ እናንተ ተናገሩ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ እጅ ከቅድም ጀምሮ ተነሥቶ አያለሁ። እሺ፣ እርስዎ፤ ማይክሮፎኑን አቀብሏቸው።